ካፖርቱን ማን ይልበሰው?

ስለ ሚስተር ኮሪ ኮምፐራቶር ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን አብዛኛው ስለ አሟሟታቸው ነው። እኔ በበኩሌ ስለ አኗኗራቸው ጥቂት መናገር እወዳለሁ።

ነገሩን ለማስታወስ ያህል፥ ጁላይ 13 ቀን 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ፥ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፥ በትለር በተባለች ከተማ አጠገብ ሚስተር ዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ንግግር ሲያደርጉ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ከጣሪያ ላይ ሆኖ ተኰሰ። ትራምፕ ጆሯቸውን ቈሰሉ፤ ከተሰብሳቢው ሁለት ሰዎች ክፉኛ ተጐዱ፤ ሚስተር ኮምፐራቶር ግን ቤተ ሰባቸውን በገላቸው ሲከልሉ ተመትተው ሞቱ። ዕድሜያቸው 50 ነበር።

ያን ዕለት የታየው ድፍረት ድንገት ከሰማይ የወረደ አልነበረም ባይ ነኝ። እኚህ ሰው የቡፋሎ ታውንሺፕ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ማኅበር አባልና የቀድሞ አለቃ ነበሩ። እንጀራቸውን የሚያገኙት ፕላስቲክ ከሚሠራ ኩባንያ በመሐንዲስነት ነበር፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አይቀሩም። ለእሳት አጥፊነታቸው ደመወዝ አልነበራቸውም፤ በአሜሪካ ካሉት እሳት አጥፊዎችም ከግማሽ የሚበልጡት እንዲሁ ናቸው።

ደመወዝ የሌለው እሳት አጥፊ ማለት፥ ራት ላይ ሳለ ጥሪው ሲሰማ ማንኪያውን ጥሎ የሚነሣ፥ ሌሊቱን ሲደክም አድሮ በማግሥቱ ሥራው ላይ በሰዓቱ የሚገኝ ሰው ማለት ነው። በትንሽ አገር ሁሉ ይተዋወቃልና፥ ከተገለበጠ መኪና ውስጥ የሚያወጣው የጎረቤቱን ልጅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ ከመቶ ሰዓት በላይ ይማራል። ከዚያም ደግሞ ገንዘብ ይለቅማል! በዐቢይ ጾም ዓሣ ጠብሶ ይሸጣል፤ ቢንጎ ያጫውታል፤ አንድ አዲስ የእሳት አደጋ መኪና ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣልና። ነፍሱን ለሰው ሊሰጥ የተዘጋጀ ሰው ለውሃ ቱቦው መግዣ ዓሣ ሲጠብስ ማየት ያስቃልም ያሳዝናልም።

ልማዱ አሮጌ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ባልንጀሮቹ በዚያው በፔንሲልቬኒያ፥ በፊላዴልፊያ ከተማ፥ በ1736 እንዲህ ያለ ማኅበር ሲያቋቁሙ እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲውን ራሱ ያዘጋጅ ነበር።

ሚስተር ኮምፐራቶር በሞቱ በአምስተኛው ቀን፥ በሚልዋኪው የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ፥ ካፖርታቸውና የራስ ቍራቸው መድረክ ላይ ቆመ፤ ትራምፕም የራስ ቍሩን ሳሙት። ሟቹ የእጩው ደጋፊ ስለ ነበሩ በዚህ የሚነቀፍ የለም። የተቃራኒው ፓርቲ ሰው የሆኑት አገረ ገዥው ጆሽ ሻፒሮም ባንዲራው ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ አዘዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ካፖርቱን ማን ይልበሰው?

የግዛቲቱ ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚሲዮን በ2018 ባወጣው ራፖር፥ በ1970ዎቹ ዓመታት 300,000 ያህል ይገመቱ የነበሩት የፔንሲልቬኒያ በጎ ፈቃደኞች 38,000 ገደማ ብቻ መቅረታቸውን ገልጿል። አንዳንዶች ይህን ሰምተው «የዛሬ ወጣት ልቡ ደነደነ» ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ከትንሿ ከተማ ይሰደዳል፤ የቀረውም ሥራው ከቤቱ ርቆ፥ አንዱ ደመወዝ አልበቃው ብሎ ሌላ ሲጨምር ይውላል። ጥሪው ሲሰማ በሰፈሩ ያለ ማን ነው? ልብ ቢኖር እንኳ ጊዜ ከየት ይመጣል?

በ2016 የወጣ አንድ የግዛቲቱ ሕግ፥ ማዘጋጃ ቤቶች ለበጎ ፈቃደኞች ግብር እንዲቀንሱላቸው ፈቅዷል። መፍቀድና ማስገደድ ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ባንዲራ ያስዘቀዘቁትም፥ የራስ ቍር የሳሙትም ወገኖች ሐዘናቸው እውነት ከሆነ፥ የግብሩን ቅናሽ በየማዘጋጃ ቤቱ ያስፈጽሙ፤ የመኪናውንም ዋጋ ማኅበሩ ዓሣ መጥበስ ሳያስፈልገው ከግዛቱ በጀት ይክፈሉ።