የሰውን ቃል ቆርጦ ስለ መመስከር

በአሜሪካ አገር የኮሌጅ ተማሪዎች በክርክር ይወዳደራሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት የተጀመረው ብሔራዊ የክርክር ውድድር እስከ ዛሬ አለ። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቆማሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ስለ አንድ አርእስት መጻሕፍትንና ጋዜጦችን ይመረምራሉ፤ ዛሬ የደገፉትን ነገር ነገ ይቃወሙታል። ይህን ሐሰት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ አልልም። በሁለቱም ወገን ያለውን ሳያውቅ በቅን የሚፈርድ የለምና። ሐሰት የሚገባው በማስረጃው በኩል ነው።

ተከራካሪው ከአንድ ሊቅ መጽሐፍ ጥቂት ክፍል ቆርጦ ያመጣል። ይህንንም ካርድ ይሉታል፥ ቀድሞ በትንንሽ ወረቀት ይጻፍ ነበርና። ከዚያም ውስጥ ቀለም የቀባበትን ቃል ብቻ ያነባል። ጊዜው አጭር ስለ ሆነ ማሳጠሩ ነውር አይደለም። ነገር ግን ጸሐፊው «ግብር ቢቀነስ ንግድ ይሰፋል፤ ትምህርት ቤቶች ግን ገንዘብ ያጣሉ» ብሎ እንደ ሆነ፥ የፊተኛውን አንብቦ የኋለኛውን የሚተው ሰው ለወጠ እንጂ አላሳጠረም። ቃሉ የጸሐፊው ነው፤ ነገሩ ግን የጸሐፊው አይደለም። እንዲህ ያለው ሐሰት እውነተኛ ስም ለብሶ ስለሚመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ቀለም ከቀባበትም ቃል እየዘለለ «ሁሉን አንብቤአለሁ» የሚል የዚሁ ጥፋት ተካፋይ ነው።

«ባላጋራዬ መርምሮ ይያዘኝ» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የፊተኛው ንግግር 9 ደቂቃ፥ የኋለኛው 6 ደቂቃ ነው፤ በዚህ መካከል መጽሐፉን ሁሉ ማን ሊያገላብጥ ይችላል? ጸሐፊውም በዚያ የለምና ተነሥቶ «እንዲህ አላልሁም» ሊል አይችልም። በሌለ ሰው ስም የሚናገር እጥፍ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ስለዚህ ብዙ ተከራካሪዎች ያነበቡትን ማስረጃ በኢንተርኔት ለሁሉ መግለጣቸው መልካም ልማድ ነው። በማስረጃው የሚተማመን ሰው ወረቀቱን ለባላጋራው ማሳየት አይፈራም።

ተማሪ ሆይ፥ የሰው ቃል ስትጠቅስ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አንብብ። ጸሐፊው አጠገብህ ተቀምጦ ቢሰማህ «አዎን፥ ያልሁት ይህን ነው» ይል እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። የማይል ከሆነ፥ የምትረታበት ቢሆንም ተወው። ዋንጫው በኮሌጁ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ቃልን የማጣመም ልማድ ግን ከአንተ ጋር ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ሸንጎ ይገባል፤ በዚያም የሚጎዳው የውድድር ባላጋራህ ሳይሆን ፍርድ የሚጠብቀው ድኃ ነው።