ከጆንያው ሥር ያለው አማና





ስለ ውጭ ገበያ በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን ጉዳዩን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለትላልቅ ላኪዎች እንተወዋለን። በገነተ ማርያምም ሆነ በሌላ የክልላችን ቀበሌ የሰሊጥ ነዶ የሚያራግፍ ገበሬ፣ ኦቾሎኒ የምትለቅም እናት፣ ከትምህርት መልስ ጆንያ የሚይዝ ልጅ «ዱባይና ቶኪዮ ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የባሕር ማዶው ገበያ በአብዛኛው የሚከፈተውም ሆነ የሚዘጋው ጆንያው በሚሞላበት በአውድማው ላይ ነው። በመሆኑም የዛሬው ዓምዳችን ንግድን ከአማና ጋር አያይዞ ይመለከታል።

ክልላችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ አላህ (ሱ.ወ.) በብዙ ሲሳይ የባረከው ምድር ነው። ሰሊጥ፣ ኑግ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ማርና ማንጎ ይገኝበታል፤ በመተከል በኩል ዕጣንና ሙጫ አለ። ከበርታ ወገኖቻችን ጓሮ አንሥቶ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እስከ ሰፈሩት አባወራዎች መንደር ድረስ፣ ከእነዚህ ምርቶች አንዱን የማይሸጥ ቤተሰብ ብዙም አይገኝም። ሰሊጥ ደግሞ አገራችን ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ከምታገኝባቸው ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። ቻይና፣ እስራኤል፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ ጃፓንና ቱርክ ይገዙናል። ዘይት ይጨምቁበታል፤ ጠሂናና ሐላዋም ይሠሩበታል።

መንገዱ ግን ሩቅ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ብቻ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በክልላችን ባለፉት ዓመታት የደረሰው ግጭት መንገዶችን ዘግቶ፣ ገበሬን ከማሳው አፈናቅሎ እንደ ነበር የምናውቀው ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጎረቤት ሱዳን የተቀጣጠለው ጦርነትም የድንበሩን ንግድ አናግቶታል። ስለዚህ የገበያውን ችግር ሁሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ መጫን ዙልም ይሆናል። ሰላም፣ መንገድና ፍትሐዊ ዋጋ ከሌሉ የአንድ ሰው ጥንቃቄ ብቻውን ሩቅ አያደርስም። እኛ ግን በመጀመሪያ የምንጠየቀው በእጃችን ባለው ነገር ነው።

የመዲናው ክምር

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አግኝተው እጃቸውን ወደ ውስጥ እንዳስገቡና ጣቶቻቸው እርጥበት እንደ ነካቸው ሙስሊም ዘግበውታል። ባለቤቱን ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት ዝናብ እንደ መታው ነገራቸው። እሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ።

በዚህ ሐዲስ ውስጥ ቆም ብለን የምናስተውለው ነገር አለ። ሰውዬው እህሉን ውኃ አላርከፈከፈበትም፤ ዝናቡ የአላህ ቀደር ነበር። የተጠየቀው ስለ ዝናቡ ሳይሆን እርጥቡን ከሥር ስለ መደበቁ ነው። የተጎዳ እህል መሸጥ ባልተከለከለ ነበር፤ ጉዳቱ ከተነገረና ዋጋው በዚያው ልክ ከቀነሰ ሁለቱም ወገኖች በሐላል ይለያያሉ። ሻጭና ገዢ እውነት ከተነጋገሩና ነውሩን ከገለጹ በግብይታቸው በረካ እንደሚያገኙ፣ ከዋሹና ከደበቁ ደግሞ በረካው እንደሚነሣ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ዛሬ በጃፓን ወይም በአውሮፓ ወደብ ላይ የቆመው መርማሪ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ረጅም የናሙና መውሰጃ ብረት ይዞ የጆንያውን ሆድ ይወጋል። ከላይ ያለው ንጹሕ ሰሊጥ አያሳምነውም፤ ከሥር ያለውን አውጥቶ በላቦራቶሪ ይመረምራል። በዚያ ጆንያ ውስጥ አፈር፣ ከብት ባለፈበት መሬት የተነካካ ዘር ወይም በእርጥቡ የታሰረ ምርት ካለ ይገለጣል። የሰው መርማሪ ሊያልፈው የሚችለውን ግን አላህ (ሱ.ወ.) አያልፈውም።

የተዘጉ በሮች

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በመጣ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ጃፓን በዚያን ጊዜ ከዋና ዋና የቡናችን ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ግዢዋም ክፉኛ አሽቆለቆለ። ጥርጣሬው በዋናነት ያረፈው ቡናው በተቋጠረበት ጆንያ ላይ ነበር። አንድ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ቡና በተበከለ ጆንያ ምክንያት ሊጣል ይችላል ማለት ነው።

በሰሊጣችን ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ የኢትዮጵያን ሰሊጥ ሳልሞኔላ በተባለው ተሕዋስ ምክንያት፣ ዝንጅብላችንንና እርዳችንን ደግሞ በአፍላቶክሲን ምክንያት ልዩ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ሳልሞኔላ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእንስሳትና ከአእዋፍ ኩስ ነው። ሰሊጥ በባዶ መሬት ላይ ሲራገፍ፣ ዶሮና ፍየል ሲመላለስበት ይበከላል። የአንዱ ጭነት ሲመለስ ደግሞ ቁጥጥሩ የሚጠብቀው በአገሩ ስም ላይ ስለ ሆነ ጥንቁቁም ሆነ ቸልተኛው እኩል ይጉላላሉ።

አንዳንዴም በሩ ያለ ማንም ተንኮል ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ሰዎችን በገደለ ጊዜ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ የቁም እንስሳትን አገደች፤ እገዳው እስከ 2009 ቆየ። ለእነዚያ ዓመታት በሐጅ ሰሞን በግና ፍየል ይሸጥ የነበረው አርብቶ አደር ገበያውን አጣ። ከዚህ የምንማረው በአንድ ምርትና በአንድ ገዢ ላይ ብቻ መንጠልጠል አደገኛ መሆኑን ነው። በሌላ በኩል ዝግጅት በር እንደሚከፍትም አይተናል፤ የማር ምርመራና ቁጥጥር ሥርዓት ከተደራጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከሚፈቀድላቸው አገሮች ተርታ ገብታለች።

ነጋዴውም ከዚህ ተጠያቂነት አያመልጥም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ እስኪለወጥ ድረስ አንዳንድ ላኪዎች ሰሊጥን በኪሳራ ጭምር ይሸጡ እንደ ነበር በሰፊው ይታወቃል። የሚፈልጉት ዶላሩን ነበር፤ ትርፉን ከውጭ በሚያስመጡት ዕቃ ላይ ያገኙታል። ሰሊጡን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ የቆጠረ ሰው ስለ ጥራቱም ሆነ ስለ ስሙ ግድ አይሰጠውም። የነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች በስፍርና በሚዛን በማጉደላቸው እንደ ተወቀሱ ስናነብ፣ የንግድ ብልሹነት የአንድ ሱቅ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብ በሽታ ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን።

ሌላው የማይበላውን ማን ይበላዋል?

አንዳንዱ ሰው «የውጭ ሰው ማባከን ይወዳል፤ እኛ ስንበላው የኖርን ነን» ይላል። ወገኖቼ፣ ይህን አነጋገር በተለይ ስለ ኦቾሎኒና ስለ በቆሎ ሲነገር ልንቀበለው አይገባም። ምርቱ ሳይደርቅ ሲከማች የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያስከትላል፤ በመቀቀልና በመቁላት ብቻም አይጠፋም። አውሮፓውያን ለቀጥታ ምግብነት በሚውል ኦቾሎኒ ላይ የሚፈቅዱት ጠቅላላ መጠን በኪሎ 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ገዢው የመለሰው ምርት ደግሞ አይጣልም፤ ወደ እኛው ገበያ ተመልሶ በልጆቻችን ትሪ ላይ ይቀርባል። ስለዚህ ለውጭ ገበያ ብለን የምናደርገው ጥንቃቄ በመጀመሪያ የሚጠቅመው የራሳችንን ቤተሰብ ነው።

ማንጎም የራሱ ትምህርት አለው። የአሶሳ ማንጎ ጣዕሙ የተወደደ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ከዘር የበቀለ፣ ክር የበዛበትና መጠኑ የተለያየ በመሆኑ፣ ዓለም አቀፉ ገበያ ከለመዳቸው እንደ ኬንትና ቶሚ አትኪንስ ካሉ ዝርያዎች ጋር በትኩሱ መወዳደር ይቸግረዋል። ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ በየመንገዱ ዳር ሲበሰብስ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የማንጎ ነጭ ተባይም ወደ ክልላችን ተሻግሮ ዛፎቹን ጎድቷል። ለዚህ ፍሬ የሚሻለው መንገድ ማድረቅ፣ መጭመቅና የተሻሉ ዝርያዎችን ማዳቀል ይመስለኛል። የአላህ ጸጋ እንዲህ ሲባክን ዝም ብሎ ማየትም ከኢስራፍ አይርቅም።

የቅድሚያ ገንዘብ

ጥራትን የሚያበላሸው ሌላው ነገር ችግር ነው። በክረምት እህል ያለቀበት ገበሬ ከነጋዴ ገንዘብ ይወስዳል፤ በአዝመራ ጊዜ ምርቱን ነጋዴው በወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ ያስረክባል። በጎረቤት ሱዳን ይህ ልማድ ሼይል ይባላል፤ በእኛም ገጠሮች ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዕዳ የሚያሯሩጠው ሰው ሰሊጡ እስኪደርቅ አይጠብቅም።

ሸሪዓችን ለዚህ የተሻለ መንገድ አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች የአንድና የሁለት ዓመት ቴምር ዋጋ አስቀድመው ሲከፍሉ አገኟቸው። ግብይቱን አልከለከሉም፤ ነገር ግን ስፍሩ፣ ሚዛኑና የማስረከቢያ ጊዜው ተለይቶ እንዲታወቅ አዘዙ። ይህ ሰለም የሚባለው ውል ነው። የዛሬ ላኪ ከባሕር ማዶ ገዢ ጋር የሚፈራረመው ውልም ዓይነቱን፣ ጥራቱን፣ መጠኑንና ቀኑን ይገልጻል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር መሆኑንም አንርሳ። ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ማኅበራት ተደራጅተው እንዲህ ያለውን አገልግሎት ከእነዚህና ከወለድ ነፃ መስኮት ካላቸው ሌሎች ባንኮች ቢጠይቁ መልካም ነው። የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለሞቻችን እንተዋለን።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰሊጥን በሸራ ላይ እናራግፍ፤ ዶሮንና ከብትን ከአውድማው እናርቅ። ሁለተኛ፣ ኦቾሎኒንና በቆሎን በደንብ ሳይደርቁ አንክተት፤ የሻገተውን ለይተን እናስወግድ እንጂ ከደኅናው ጋር አንቀላቅል። ሦስተኛ፣ ማዳበሪያ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበትን ጆንያ ለምግብ እህል ፈጽሞ አንጠቀም። አራተኛ፣ የአምናውን ከዘንድሮው፣ ቀዩን ከነጩ አንደባልቅ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ምርት የሚቀበለው ናሙና ወስዶና ደረጃ ሰጥቶ ነው፤ በአንድ ደረጃ የገባ የብዙ ገበሬ ምርት በአንድ ላይ ስለሚከማች የአንዱ ጉድለት ለጎረቤቱ ይተርፋል። አምስተኛ፣ በማኅበር እንደራጅ፤ በጥቂት ኩንታል ከላኪ ጋር መደራደር አይቻልም።

ወጣቶቻችን ደግሞ አንድ የተሰወረ ሀብት አላቸው። በመድረሳ ዐረብኛ፣ በዘመናዊ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ሒሳብ ይማራሉ። ከቢሾፍቱና ከሞጆ ቄራዎች የሚወጣው የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ሳዑዲና ወደ ኤምሬትስ ይሄዳል፤ ከእነዚያ አገሮች ገዢ ጋር በቋንቋው የሚነጋገር፣ ውል የሚያነብ፣ ሒሳብ የሚይዝ ልጅ ለመንደሩ ትልቅ መሣሪያ ነው። በረሃ አቋርጦ ከመሰደድ በፊት ምርታችንን እዚያ ለማድረስ ይህን እውቀት ማዋል ይቻላል። ይህ ግን ወላጆች ሁለቱንም ትምህርት ለሴቱም ለወንዱም እኩል ሲያስተምሩ ነው።

አንዳንዶች «ገዢው ሙስሊም ካልሆነስ?» ብለው ይጠይቃሉ። አማና የገዢውን ሃይማኖት አይመርጥም። ዕቃውን የሚበላውን ሰው በዚህች ዓለም ላናየው እንችላለን፤ በዕለተ ቂያማ ግን ሐቁን ይዞ ይጠብቀናል። እስልምና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፎችና በሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች በሰፊው የደረሰው በነጋዴዎች እጅ መሆኑንም እናስታውስ። የሰው አገር ሰው ሃይማኖታቸውን ከመጠየቁ በፊት ሚዛናቸውን አይቶ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) ሲሳያችንን ሐላልና በረካ የሞላበት ያድርግልን፤ ለአገራችንም ሰላም ይስጥልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።