ለገላችን የምንጽፈው ደብዳቤ

«ወፈርሽ» ማለት ቀድሞ ሙገሳ ነበር፤ ዛሬ ግን ይህን ቃል ፈርታ ከማዕድ የምትሸሽ ልጅ አለች። ከሕመሟ ብትድንም፥ ገላዋን እንደ ጠላት ማየቷ ቶሎ አይለቃትም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጄምስ ፔኔቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ የከበዳቸውን ነገር በየቀኑ 15 ደቂቃ ለ4 ቀን የጻፉ ተማሪዎች ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም መመላለሳቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከገላ ጋር ለመታረቅም ይኸው መንገድ ሊረዳ ይችላል። በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከጽድ ጥላ ሥር ደብተሯን ዘርግታ፥ «እግሮቼ ሆይ፥ ይህን ዳገት ያወጣችሁኝ እናንተ ናችሁ» ብላ ትጀምር። ስለ ኪሎ ሳይሆን ገላዋ ስለ ሠራላት ሥራ ትጻፍ፤ ለእኅቷ የማትናገረውን ክፉ ቃል ለራሷም አትጻፍ። ልቧን ካባሰው ትተወው።

ብዕር ግን ሐኪምን አይተካም። ወላጆች ሆይ፥ ጾም ተፈትቶም የማትበላ ልጅ ካለቻችሁ አትቆጧት፤ ጠይቋት፥ ወደ ሐኪምም ውሰዷት።