ስለ አይጥ መርዝ አመራረጥና አያያዝ

ኅዳር ገብቶ በቆሎው ከማሳ ወደ ጎምቢሳ በሚገባበት ጊዜ በኡካና በአካባቢዋ ባሉት ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ክስ ይሰማል። ከሳሿ የቤት እመቤት፤ ተከሳሿም አይጥ ናት። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው የፍልስጥኤም ሰዎች ምድራቸውን ያጠፉትን አይጦች ምስል በወርቅ ሠርተው ከታቦቱ ጋር ሰደዱ። እኛ ግን ወርቅ የለንምና ወደ ገበያ እንወጣለን።

በ2014 ዓ.ም. እኛም እንደዚሁ ወጣን። ከአንድ ነጋዴ ዘንድ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ግራጫ ዱቄት ገዛን። ስሙን ብንጠይቀው «የኔታ፤ ስሙ ምን ያደርግልዎታል? ጠንካራው ይኸ ነው» አለን። ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ ያስረከበውን ወረቀት አናርምም የምንል ሰዎች፤ ስም የሌለውን መርዝ ከኪሳችን ከትተን ወደ ቤታችን ገባን። በበቆሎ ዱቄት ለውሰን ከምድጃው ኋላና ከአልጋው ሥር አስቀመጥነው። ሲነጋ ሁለት አይጦችና አንዲት ዶሮ ሞተው ተገኙ። የሦስት ዓመቷ ልጃችን ደግሞ ያንን የደብተር ወረቀት ይዛ ስትጫወት አገኘናት። እጇን አጥበን፤ ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ወደ አፏ የገባ ነገር አልነበረም። በዚያ ቀን ጾማችንን በምን እንደ ፈታን እስከ ዛሬ አናስታውስም።

በጤና ጣቢያው የጠየቁን የመጀመሪያው ጥያቄ «የመርዙ ስም ማን ነው?» የሚል ነበር። መልስ አልነበረንም። ይህን ዓምድ እንድንጽፍ ያስገደደን ያ ዝምታ ነው፤ መርዝ ሁሉ አንድ አይደለምና።

ያን ዱቄት ኋላ ያዩልን የግብርና ባለሙያ በመልኩና ነጭ ሽንኩርት በሚመስለው ሽታው ዚንክ ፎስፋይድ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሩን። ይህ መርዝ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ በጥቂት ሰዓቶችም ይገድላል። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪም የሚያደርገው የበሽተኛውን ትንፋሽና ልብ መደገፍ ብቻ ነው። በአይጥ ላይ ያለው ጉድለት ደግሞ ይህ ነው፦ አይጥ ተጠራጣሪ ናት። ጥቂት ቀምሳ ታማ ከዳነች ያንን ምግብ ዳግመኛ አትነካም። ስለዚህ የሚያውቁት ሰዎች በመጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ሌሊት መርዝ የሌለበትን ምግብ በዚያው ስፍራ ያስለምዷታል፤ ከዚያም መርዙን ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ብቻ አኑረው፤ የተረፈውን ሰብስበው ይቀብራሉ። ልጅና ዶሮ ባለበት ቤት ግን እኛ ይህን ዱቄት አንመርጠውም።

ሁለተኛው ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። ታሪኩ ግሩም ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት አንድ ገበሬ የሻገተ ድርቆሽ በልተው ደማቸው እየፈሰሰ ስለሞቱበት ከብቶቹ ካርል ሊንክ ወደሚባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ሄደ። ከዚያ ምርመራ የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ተሸጠ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ደማቸው በሥር ውስጥ ለሚረጋባቸው በሽተኞች መድኃኒት ሆነ። ዛሬ በገበያ የሚገኙት ብሮማዲዮሎንና ብሮዲፋኩም የእርሱ ታናናሾች፤ በኃይል ግን ታላላቆቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም በተቀባ እህል ወይም እንደ ሰም በተጋገረ መልክ ይመጣሉ። አይጧ የምትሞተው ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሆነ የሞቷን ምክንያት ከምግቡ ጋር አታያይዘውም። ለእኛ የሚበልጠው ጥቅም ግን ቫይታሚን ኬ1 የሚባል ማርከሻ ያለው መሆኑ ነው። ቢሆንም የልጁ ደም መፍሰስ እንደ አይጧ ሁሉ ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ይችላልና «በልቶ ምንም አልሆነም» ብሎ መቀመጥ አይገባም። የተመረዘችውን አይጥ የምትበላ ድመትና ጉጉትም ከመርዙ ይካፈላሉ። ባይሆን ይሻላል እንጂ መርዝ የግድ ካስፈለገ፤ ስሙ በተጻፈበት ማሸጊያ ያለውን ይህን ዓይነት ገዝቶ፤ አይጥ ብቻ በምትገባበት ቀዳዳ በተበሳ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ማኖር ይመረጣል።

ስለ ሦስተኛው ስንጽፍ ብዕራችን ይከብደናል። ይህም አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው፤ ሰው በተለምዶ «ክኒን» የሚለው ነው። ለቤት አይጥ አልተሠራም። ተጠንቅቆ በታሸገ ጎተራ ውስጥ፤ በሠለጠነ ሰው እጅ፤ ነቀዝን ለመግደል የተሠራ ነው። 3 ግራም የሚመዝነው አንዱ ፍሬ 1 ግራም ያህል ፎስፊን ያወጣል፤ ጋዙን ለማውጣት የሚፈልገውም የአየር እርጥበት ብቻ ነው። በእኛ በኢሉባቦር፤ ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወር በሚወርድበት አገር፤ ይህን ክኒን በእህል ጆንያ ከትቶ ጆንያውን በመኝታ ክፍል ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው። አይጧ በቀዳዳዋ ትወጣለች፤ በሩን ዘግተው የተኙት ግን አይወጡም። ይህ ክኒን በአገራችን ሐኪም ቤቶች በሌላም አሳዛኝ መንገድ ይታወቃል፤ በኀዘንና በቁጣ ሰዓት ከእጅ እንዳይገኝ በቤት ውስጥ ፈጽሞ አለማኖር ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ ተባይ ሁሉ ተመዝግቦ እንዲሸጥ ያዛል፤ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን አለመግዛት ግን የእኛው ፈንታ ነው።

መርዙን የሚለውስ ሰው ጓንት ያጥልቅ፤ ዕቃውንም ዳግመኛ ወደ ወጥ ቤት አይመልሰው። የሞተችውን አይጥ በእንጨት አንሥቶ ከውሃ ርቆ ይቅበራት እንጂ ወደ ወንዝ አይወርውራት። ሰው ተመርዞ እንደሆነም ወተት እየጋቱ ወይም እያስመለሱ ጊዜ ማባከን በብዙ ቤት የተለመደ ስሕተት ነው። ማሸጊያውን ይዞ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ፤ ካስፈለገም ወደ መቱ ሆስፒታል መሄድ ነው። ጋዝ የሸተተው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ወደ ነፋስ ይውጣ።

ይህን ሁሉ ብንጽፍም መርዝ ብቻውን አይጥን አይጨርስም። ከማሳ ወደ ቤት የምትከተለን ባለ ብዙ ጡቷ አይጥ በ23 ቀን ያህል ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜም አሥር ያህል ግልገል ታወጣለች። እኛ አንዷን ስንገድል ሌላዋ ታርሳለች። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የጎምቢሳችንን እግሮች አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን፤ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተቈረጠ እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ ያለ ክዳን በየእግሩ አሰርንበት፤ ወደ ክዳኑ የተንጠለጠሉትን የዛፍ ቅርንጫፎችም ቈረጥን። የልጆቻችን እናት በመጀመሪያ ሥራውን አይታ «ለጎምቢሳ ባርኔጣ ማልበስ የት አገር ታየ?» ብላ ሣቀችብን። አሁንም በአንዳንድ ሌሊት ከቤቱ ጣሪያ ላይ ሲንኮሻኮሹ እንሰማቸዋለን፤ ወደ ጎምቢሳው ግን እስከ ዛሬ አልወጡም።