«ከዚህ ይጀምራል» የተባለው ዋጋ የት ያልቃል? የቅንጦት መኪና ቤዝ ሞዴልና የኦፕሽን ሒሳብ

ዩቲዩብ ላይ የመኪና ቪዲዮ ማየት የምትወዱ ከሆነ ይቺን አባባል ሳትሰሟት አትቀሩም፦ «ዋጋው ከዚህ ይጀምራል»። ጨዋታው ያለው «ይጀምራል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የት እንደሚያልቅ ግን አይነገርም።

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ስለ ቅንጦት ኩፔዎች ነው። ኩፔ ስንል ያው ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው ወደ ኋላ ዝቅ እያለ የሚሄድ፣ የኋላ ወንበሩ ቢኖርም ለስም ያህል የሆነ መኪና ማለታችን ነው። ፖርሽ 911፣ ትንሿ የቢኤምደብሊው ኩፔ፣ ኮርቬት የመሳሰሉት። ጥያቄው ቀላል ነው፦ የእነዚህ መኪኖች ቤዝ ሞዴል፣ ማለትም ምንም ያልተጨመረበት መነሻው መኪና፣ ኦፕሽን ሲደራረብበት ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

«አዲስ አበባ ላይ ማን ፖርሽ ይገዛል? ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ አሜሪካ ላሉ እኩዮቻችን ይህ የሕልም ጉዳይ ሳይሆን የወር ክፍያ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ይሄው የዋጋ አወጣጥ ዘዴ ስልክ ስትገዙም፣ ቤት ስትገዙም ያገኛችኋል። አዲስ አበባ ላይ «በካሬ ይህን ያህል» ተብሎ የሚተዋወቀውን ሰሚ ፊኒሽድ አፓርታማ አስቡት። ሴራሚኩ የለም፣ የኩሽና ካቢኔው የለም፣ ቀለሙም የእናንተ ዕዳ ነው። ቁልፍ ስትረከቡ ነው ሒሳቡ ገና መጀመሩ የሚገባችሁ። የቅንጦት ኩፔ ቤዝ ሞዴልም የቅርብ ዘመዱ ነው። ልዩነቱ፣ መኪናው ባዶውንም ይነዳል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የ2020 ሞዴል ፖርሽ 911 ካሬራ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 97,400 ዶላር ነበር፤ የማጓጓዣ ክፍያው ሳይጨመር። 379 የፈረስ ጉልበት አለው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ካሬራ ኤስ ደግሞ 443 የፈረስ ጉልበት ይዞ በ113,300 ዶላር ወጣ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 15,900 ዶላር ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ኦፕሽን ዝርዝሩ እንግባ። የፖርሽ ዝርዝር ረጅም ነው። የኋላ መስታወት ዝናብ መጥረጊያ ለብቻው ይከፈልበታል። የደህንነት ቀበቶው ቀለም እንዲቀየር ይከፈልበታል። ቁልፉን ራሱ በመኪናው ቀለም ማስቀባት ይቻላል፣ በክፍያ። የሴራሚክ ፍሬን ለፈለገ 9,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከመደበኛው ዝርዝር ውጪ የራሳችሁን ቀለም ከመረጣችሁ ደግሞ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ቀለሙ ብቻውን ከ10,000 ዶላር በላይ ያስወጣል።

እኔ እነዚህን መኪኖች በኩባንያዎቹ ድረ ገጽ ላይ «መገንባት» እወዳለሁ፤ ነጻ መዝናኛ ነው። ወንበር፣ ቸርኬ፣ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት እያሉ አምስትና ስድስት ነገር መጨመር ደቂቃም አይፈጅም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ 15,900 ዶላር እንዲሁ በዋዛ ያልቃል። ያኔ በእጃችሁ ያለው በካሬራ ኤስ ዋጋ የተገዛ፣ የካሬራ ኤስ ሞተር የሌለው መኪና ነው።

ሥነ ልቦናውም ያግዛል። መቶ ሺህ ዶላር ለማውጣት የቆረጠ ሰው ፊት 500 ዶላር ምንም አትመስልም። ሠርግ የደገሰ ሰው ይሄንን ያውቀዋል። ለአዳራሹና ለምግቡ ያን ሁሉ ከከፈለ በኋላ በአበባው ዋጋ የሚከራከር ሙሽራ ማን አለ?

ለምንድን ነው አንድ ላይ የማይሸጡት?

ዡል ዱፕዊ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1849 ስለ ባቡር ትኬት ሲጽፍ አንድ ነገር ታዝቦ ነበር። የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎች ጣሪያ ያልነበራቸው ጣሪያው ውድ ስለሆነ አልነበረም። ለሁለተኛ ማዕረግ የመክፈል አቅም ያለው ተሳፋሪ ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ለማስፈራራት ነው። ድሃውን መጉዳት አልፈለጉም፤ ያለውን ሰው ማስከፈል ነው የፈለጉት።

የመኪና ኩባንያም ማን ምን ያህል መክፈል እንደሚችል ግንባራችን ላይ ተጽፎ አያገኝም። ስለዚህ ዝርዝር ያቀርብልንና ራሳችንን በራሳችን እንድንመድብ ያደርገናል። ቆጣቢው ቤዙን ይዞ ይሄዳል። ብዙም የማይሰስተው ቀበቶውን ቀይ ያስደርጋል። ኩባንያው ሁለቱንም አላጣም።

የዚህ ዘዴ ጫፍ የታየው በ2022 ነው። ቢኤምደብሊው በአንዳንድ ሀገሮች የወንበር ማሞቂያን በወር ክፍያ ማቅረቡ ዓለምን አነጋግሮ ነበር፤ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በወር 18 ዶላር ገደማ። ማሞቂያው እኮ ወንበሩ ውስጥ አለ! ተሠርቶ፣ ተገጥሞ፣ በሶፍትዌር ተቆልፎ ነው የመጣው። የሰው ቁጣ በዛና ኩባንያው በ2023 የወንበሩን ነገር ተወው። መርሴዲስም በዚያው በ2022 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በአንዳንድ ኤሌክትሪክ መኪኖቹ ላይ የፍጥነት ጭማሪን በዓመት 1,200 ዶላር ለመሸጥ አስተዋውቆ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ የኦፕሽን ዋጋ ሁልጊዜ የዕቃው ዋጋ አለመሆኑን ነው። ብዙ ጊዜ የፍላጎታችን ዋጋ ነው።

የት ላይ ነው የቆረጡት?

ታዲያ ቤዝ ሞዴል ሁሉ ማታለያ ነው ማለት ነው? አይደለም። መጠየቅ ያለበት ኩባንያው ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ምኑን ነው የቀነሰው የሚለው ነው።

የ2020 ኮርቬትን እዩት። ቤዙ ማጓጓዣውን ጨምሮ 59,995 ዶላር ነበር። ከፍ ያሉት ሁለቱ ዓይነቶች 7,300 እና 11,950 ዶላር ይጨምራሉ። ጭማሪው የሚሰጣችሁ የተሻለ ወንበር፣ ብዙ ድምፅ ማጉያ፣ ብዙ ቆዳ፣ ፊት ለፊት መስታወት ላይ ፍጥነት የሚያሳይ ማሳያ ነው። ሞተሩ ግን በሦስቱም ያው ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። ርካሹን የገዛ ሰው የመኪናውን ልብ አላጣም። እዚህ ላይ ቤዙ ያዋጣል።

አሁን ደግሞ የ2022 ቢኤምደብሊው 230አይን እዩ። ማጓጓዣውን ጨምሮ 37,345 ዶላር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 255 የፈረስ ጉልበት። ታላቅ ወንድሙ ኤም240አይ 49,545 ዶላር ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 382 የፈረስ ጉልበት። ልዩነታቸው 12,200 ዶላር። 230አይን ባዶውን ከወሰዳችሁት ጥሩ መኪና ነው። የ10,000 ዶላር ኦፕሽን ከጫናችሁበት ግን ኤም240አይ በር ላይ ደርሳችሁ ሳትገቡ ተመለሳችሁ ማለት ነው። ምክንያቱም በዓለም ላይ ያለ ምንም የቆዳ ወንበር ሁለት ሲሊንደር አይጨምርም።

አንድ አስቂኝ የሚመስል ምሳሌም አለ። በ2023 ቤዙ 911 ካሬራ 106,100 ዶላር ሲሆን ካሬራ ቲ የሚባለው 116,600 ነበር። ሞተሩ ያው ነው። ግን የካሬራ ቲ መስታወት ቀጭን ነው፣ የድምፅ መከላከያው ተቀንሷል፣ የኋላ ወንበሩም ተነስቷል። «10,500 ዶላር ጨምሬ ትንሽ መኪና?» ብሎ መሳቅ ይቻላል። ነገር ግን የስፖርት ሱስፔንሽኑ፣ የስፖርት ማርሚታውና ሌሎች መንዳት የሚወድ ሰው የሚመርጣቸው ነገሮች ዋጋው ውስጥ ገብተዋል። ለእንደዚህ ዓይነት ገዢ ተጠቅልሎ የመጣው ነገር አንድ በአንድ ከመልቀም ይሻላል።

ዕዳውስ?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው መኪና የሚገዛው በብድር ነው። ሻጩም ስለ ጠቅላላ ዋጋው ሳይሆን ስለ ወር ክፍያው ማውራት ይመርጣል። ሒሳቡን ሠራሁት፦ 10,000 ዶላር ኦፕሽን፣ በ7 በመቶ ወለድ፣ ለ72 ወር። በወር ወደ 170 ዶላር ይመጣል። በስድስት ዓመት የሚከፈለው 12,275 ዶላር ገደማ ነው። ይህ እንግዲህ መኪናው ሳይቆጠር፣ ጌጡ ብቻ። 170 ዶላር ደግሞ ለአንዱ ለቤት መግዣ የሚቆጥበው ነው፣ ለሌላው በየወሩ ለእናቱ የሚልከው።

መኪናው ሲሸጥ ነገሩ ይብሳል። ያገለገለ መኪና ገዢ የሚጠይቀው ዓመተ ምሕረቱን፣ የተነዳውን ርቀት፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ነው። ጥሩ ሱስፔንሽን ወይም ተፈላጊ ቀለም የተወሰነ ዋጋ ሊያስመልስ ይችላል። እናንተ ያስቀባችሁት ቁልፍ ግን ለእሱ ቁልፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ፣ ኦፕሽኑ የተሟላ ኩፔ የሚገዛ ሰው ብልህ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የጌጡን ኪሳራ የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎለታል።

ዣቪየር ጋቤ እና ዴቪድ ላይብሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2006 ባወጡት ጥናት ያሳዩት ነገር እዚህ ጋ ይገጥማል። ሻጮች ዋናውን ዕቃ በርካሽ አስተዋውቀው ትርፉን ከተጨማሪው ሲያገኙ፣ ከተጨማሪው የሚርቀው ጠንቃቃ ገዢ ሳያስብ በሚጨምረው ገዢ ይደጎማል። ርካሽ ፕሪንተር ገዝታችሁ ቀለሙ ላይ የምትደነግጡት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የእኔ መልስ ይሄ ነው፦ ቤዝ ሞዴል የሚያዋጣው ቤዝ አድርጎ መተው ለሚችል ሰው ነው። ኦፕሽን የተቆለለበት ቤዝ ግን የሁለቱንም ዓለም መጥፎ ጎን ይይዛል፤ የትልቁን ዋጋ ከትንሹ ሞተር ጋር።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። መጀመሪያ ከቀጣዩ ሞዴል ጋር ያለውን የዋጋ ልዩነት እጽፋለሁ። የምፈልጋቸው ኦፕሽኖች የዚያን ግማሽ ካለፉ አቆማለሁ፤ ወይ እቀንሳለሁ፣ ወይ ቀጣዩን አያለሁ፣ ወይ ያገለገለ እፈልጋለሁ። ከኦፕሽኖቹም የማስቀድመው በኋላ ሊገጠም የማይችለውን ነው።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ

እዚህ «ፉል ኦፕሽን» የሚለው ቃል የመኪና ማስታወቂያ ሁሉ ማጣፈጫ ሆኗል። ቁርስ ቤት «ስፔሻል ፉል» ስታዙ ቢያንስ እንቁላሉንና አቮካዶውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። «ፉል ኦፕሽን» መኪና ውስጥ ምን እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ ሻጩም አይዘረዝርም።

በእኛ አቆጣጠር ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ የብዙዎቻችን ዓይን ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነው። ሕጉ እዚያም አይለወጥም። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል በ2023 ቻይና ውስጥ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ባትሪ ነበረው፤ 30 እና 38 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። በቻይና መለኪያ አንዱ 305፣ ሌላው 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ቸርኬና የወንበር ልብስ በኋላ መቀየር ይቻላል፤ ባትሪው ግን እንደ ሞተሩ ነው፣ የገዛችሁት ጋር ትኖራላችሁ።

ስለዚህ ሻጩ «ፉል ነው» ሲላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በኋላ ልጨምረው የማልችለው ምንድን ነው? ከዚህ በላይ ያለውስ ሞዴል በስንት ይበልጣል? መልሱን ጽፋችሁ ካያችሁ በኋላ ስለ ቀለሙ ማውራት ይቻላል።