«ርካሽ» ቤት ለማን?

በፖርቱጋሏ ሊዝበን ከተማ አልፋማ የሚባለውን ጥንታዊ ሰፈር ሽቅብ የሚወጣ ሰው፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ባለቀለም ሸክላ በተለበጡት ግድግዳዎችና በየመስኮቱ በተሰጣው ልብስ ላይ ነው። ጠጋ ብሎ ካየ ግን ሌላም ነገር ያገኛል። ከበሩ ጎን ወይም ከመስኮቱ ብረት ላይ የጡጫ ያህል የሚሆኑ ጥቁር ሳጥኖች ተቆልፈዋል። የተከራዩ ስልክ ላይ በተላከው ቁጥር ይከፈታሉ፤ ውስጣቸው የቤት ቁልፍ አለ። ተከራዩ ቁልፉን አውጥቶ ይገባል፣ ወሩ ሲያልቅ መልሶ ያስቀምጥና ይሄዳል። አከራዩን ላያየው ይችላል። የጎረቤቱን ስም ሳያውቅም ሊለቅ ይችላል።

ላፕቶፑን ይዞ ከአገር አገር እየተዘዋወረ ለሚሠራው፣ ዲጂታል ኖማድ ለሚባለው ሰው፣ ስለ ቤት አመራረጥ የሚሰጠው ምክር ከዚህ ሳጥን አያልፍም። ፎቶውን እይ፣ ኮከቡን ቁጠር፣ የኢንተርኔቱን ፍጥነት ጠይቅ፣ ዋጋውን ከደመወዝህ ጋር አስተያይ፤ ካልከበደህ ርካሽ ነውና ያዘው ይባላል። ይህ ምክር ስህተት ነው። የሰፈሩን ነዋሪ ይጎዳል፤ ተከራዩንም ቢሆን አይጠቅመውም።

መጀመሪያ «ርካሽ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከርቀት ለሚሠሩ የውጭ ዜጎች ልዩ ቪዛ ስትጀምር አንድ መስፈርት አስቀመጠች፤ የአመልካቹ የወር ገቢ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ማነስ የለበትም። በ2025 ዝቅተኛው ደመወዝ 870 ዩሮ ስለነበር አመልካቹ ቢያንስ 3,480 ዩሮ ማግኘት ነበረበት። እንግዲህ በሕጉ ስሌት መሠረት፣ ቡና የሚቀዳለት አስተናጋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያገኝ ከሆነ፣ ኖማዱ የሚገባው የእሱን አራት እጥፍ ይዞ ነው። ሁለቱ ለአንድ ክፍል ሲወዳደሩ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው። ለአንዱ «ርካሽ» የሆነው ኪራይ ሌላውን ከተወለደበት ሰፈር ያስወጣዋል።

ጥፋቱ የመንግሥት ነው የሚሉ አሉ። ብዙ እውነት አላቸው። ፖርቱጋል ከ2011 የዕዳ ቀውስ በኋላ፣ በ2012፣ የኪራይ ሕጓን አላልታ ነባር ተከራዮችን ማስወጣት ቀላል አደረገች። በዚያው ዓመት ንብረት ለሚገዙ የውጭ ባለሀብቶች የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ጀመረች። በ2014 ደግሞ ቤትን ለአጭር ጊዜ እንግዳ ማከራየት በቀላል ምዝገባ እንዲቻል ፈቀደች። ሊዝበን ራሷ በ2018 በአልፋማ፣ በሞራሪያና በባይሮ አልቶ አዲስ ምዝገባ እስከ ማገድ ደረሰች። በ2023 ሕዝቡ ቤት አጣን ብሎ አደባባይ ወጣ፣ ጠንከር ያለ ሕግም ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት አዲሱ መንግሥት ከሕጉ ብዙውን መልሶ አነሳው።

ይህ ሁሉ ግን ተከራዩን ነጻ አያወጣውም። ቱሪስት በብዛት የሚመጣው በበጋ ነው። የዝናቡና የብርዱ ወራት ሲገቡ ባለቤቱ ባዶ ቤት ይዞ ከመቀመጥ ለአገሩ ሰው በዓመት ውል ማከራየት ያዋጣው ይሆን ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ነበረ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለውን ባዶ ቦታ በወር በወር የሚሞላለት ደንበኛ ሲያገኝ ያንን ሐሳብ ይተወዋል። የኢንተርኔት የቤት ኪራይ መድረኮችም 28 ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚቆየውን እንግዳ ለብቻው መድበው የወር ቅናሽ ያቀርቡለታል። ኖማዱ በቅናሹ ሲደሰት፣ ያ ቤት ዓመቱን ሙሉ ከሰፈሩ ሰው እጅ እንዲርቅ እያደረገ ነው።

ነገሩ የሊዝበን ብቻ አይደለም። የባርሴሎና ከንቲባ ጃውሜ ኮልቦኒ በ2024 የከተማዋን 10,101 የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶች እንደማያድሱና በኖቬምበር 2028 አንድም እንደማይቀር ሲያስታውቁ፣ ያቀረቡት ምክንያት ኪራይ በ10 ዓመት ውስጥ 68 በመቶ መናሩን ነው። የሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በ2022 የያኔዋ የከተማዋ አስተዳዳሪ ክላውዲያ ሼንባውም ከኤርቢኤንቢና ከዩኔስኮ ጋር ተፈራርመው ከርቀት የሚሠሩ እንግዶችን ጋበዙ። በጁላይ 2025 ኮንዴሳና ሮማ በሚባሉት ሰፈሮች የኪራይ ንረት ያስመረራቸው ነዋሪዎች ሰልፍ ወጡ፣ የሱቅ መስታወትም ተሰበረ። መስታወት መስበር የሚደገፍ አይደለም፤ ብሶቱ ግን ከመሬት አልበቀለም።

ወደ ተከራዩ ራሱ እንመለስ። የሊዝበን ቤት ፎቶ በአመዛኙ በፀሐይ የተነሳ ነው፤ ነጭ አንሶላ፣ ክፍት መስኮት፣ ከሩቅ የሚታይ ወንዝ። አልፋማ የ1755ቱን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተረፉት ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ብዙዎቹ ቤቶች አሮጌና ወፍራም የድንጋይ ግንብ ያላቸው፣ ማሞቂያ ያልተሠራላቸው ናቸው። በ2023 የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መረጃ መሠረት ከፖርቱጋል ሕዝብ 20.8 በመቶው ቤቱን በበቂ ሁኔታ ማሞቅ አይችልም ነበር፤ በዚያ ዓመት ከኅብረቱ አባላት ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ከስፔን ጋር የእሷ ነበር። በጃንዋሪ የሚገባ ሰው ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሲያስጠጋ ጥቁር ሻጋታ ያገኛል። የታጠበ ካልሲ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ልብሱ ሁሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። በካፖርት ተጠቅልሎ፣ ጣቱ እየደነዘዘ ስብሰባ ይገባል። አምስት ኮከብ የሰጡት ሰዎች አልዋሹም፤ ሦስት ሌሊት፣ በጁላይ፣ ያደሩ ናቸው። የእነሱን ምስክርነት ይዞ የስድስት ወር ኑሮ ማቀድ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የውሉም ጉዳይ አለ። ፖርቱጋል ውስጥ ደንበኛ የኪራይ ውል በግብር መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፤ ተከራዩ አድራሻውን የሚያስረዳበት፣ ቢበደል የሚከራከርበት ወረቀት እሱ ነው። የወሩን ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ከፍሎ፣ ስልኩ ላይ ካለው ደረሰኝ በቀር ምንም ሳይዝ የገባ ሰው ሻጋታውን ሲያገኝ ለመከራከር አቅሙ ትንሽ ነው።

«መቼ እንደምሄድ ስለማላውቅ ነው» የሚለው መልስ ሚዛን ይደፋል። የዓመት ውል ለሁሉም አይሆንም። ነገር ግን ሊዝበን ውስጥ ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት አንድ ክፍል መከራየት የቆየ ልማድ ነው፤ ተማሪዎች ለዘመናት ኖረውበታል። እንዲህ ያለው ክፍል ማንንም አያፈናቅልም፤ እንዲያውም አከራዩ በሰፈሩ እንዲቆይ ያግዛል። ተከራዩም ቧንቧ ሲፈነዳ ማንን መጥራት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አብሮት ያድራል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለባዕድ አገር ይበልጥ ይሠራል።

ነዋሪውን ጠይቆ ቤት የመያዝን ጥበብ አዲስ አበባ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ከማንም አይማረውም። ደላላው «ውሃ አለ፣ መብራት አይጠፋም» ሲል ሰምቶ ዝም ይላል፤ ከግቢው የሚወጣ ተከራይ ሲያገኝ ግን ጠጋ ብሎ «ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ ከዋሽንግተንም ከስቶክሆልምም ላፕቶፕ ይዘው የሚንቀሳቀሱ የአበሻ ልጆች ወላጆቻቸው ቤት የያዙት እንዲህ እየጠየቁ ነው።

ሊዝበን ላይም ሥራው ያው ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በትንሽ ፔንሲዮን ማሳለፍ፣ ከተቻለም በዝናብ ወር መድረስ። ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ በየመስኮቱ «አሬንዳ-ሴ»፣ የሚከራይ፣ የሚል ወረቀት ሲያዩ መደወል። ደረጃውን ወጥቶ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ ማድረግ፣ ግንቡን በእጅ ዳሰስ ማድረግ፣ ውሉ የሚመዘገብ መሆኑን መጠየቅ። ከዚያ ገንዘብ ከመክፈል በፊት፣ የማዶውን በር አንኳኩቶ ለሚከፍቱት እናት ራስን ማስተዋወቅና ብርዱ በዚህ ቤት እንዴት እንደሚያልፍ መጠየቅ።