«ምርጥ» ያልተባለው ዘር
«ምርጥ ዘር» ሲባል ገበሬው በጎተራው ያቆየው ምናምንቴ ነው ማለት ነው እንዴ? ዶ/ር መላኩ ወረደ እንዲያ አላሉም። እኚህ የዕፅዋት ጄኔቲክስ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የአዲስ አበባውን የጂን ባንክ ሲመሩ፣ ዘርን ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆለፍ ብቻውን እንደማይበቃ አይተው ማሳው ድረስ ወረዱ። ከገበሬው ጋር ሆነው የአገሬውን ስንዴ እየመረጡ አሻሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1989ም «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ተሸለሙ።

ነገሩ ቀላል ነው። የገበሬው ማሳ አንድ ወጥ አይደለም፤ ዝናብ ሲቀር አንዱ ቢመክን ሌላው ያፈራል። ካሊፎርኒያ እንኳ ገብሷን ከቫይረስ በሽታ ያዳነችው በኛው ገብስ ዘረ መል ነው (አመሰግናለሁ ያለን አለ?)። ታዲያ በድርቅ ዓመት ዘሩን ቆልቶ ለበላ ገበሬ የዱቤ ማዳበሪያና አንድ ዓይነት ዘር ማሸከም ምን ይሉታል? መጀመሪያ የራሱን ዘር ይመልሱለት!